የአባቴን የሕይወት ታሪክ እንደገና ልጻፍ፤ ቴምብሮቹን የት ላድርጋቸው?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አባቴ ካረፈ አሥር ወር ሆነው። የሙት ዓመቱ ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ የምጽፍልዎትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አባዬ ቡልጋ ተወልዶ በ15 ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ። ፒያሳ ውስጥ ለአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ተላላኪ ሆኖ ሠራ፤ ኋላ እዚያው አካባቢ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ከ40 ዓመት በላይ ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ካርቦን ወረቀትና ፖስታ እየሸጠ አራት ልጆች አሳደገ። ሱቁ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ አባዬ ብዙም አልቆየም።

የቀብሩ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፈው የአጎቴ ልጅ ነው። «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበሩ» ይላል። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ደርቄ ቆምኩ። የተነበበው ውሸት የለበትም፤ ግን አባቴን ፈልጌ አጣሁበት። ይህን ለቤተሰቡ ስናገር፣ «እንግዲያው ለሙት ዓመቱ አንቺ ጻፊው» ተባልኩ። ከጸሎቱ በኋላ ቤት ውስጥ ይነበባል፤ ፎቶግራፍ ተጨምሮበትም በትንሽ መጽሔት ይታተማል።

ችግሩ የጀመረው ከዚህ ነው። አባቴ ቴምብር ሰብሳቢ ነበር። 19 አልበም አለው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ከተጠጣ በኋላ ወደ ትንሿ ክፍል ይገባል፤ ወረንጦውንና አጉሊ መነጽሩን ያወጣል፤ እስኪመሽ አይወጣም። ልጅ ሳለሁ አጠገቡ ወንበር ነበረኝ። ወረንጦውን አቀብዪኝ ሲለኝ የተሾምኩ ያህል ደስ ይለኝ ነበር። 14 ዓመት ሲሞላኝ ሰለቸኝና ተውኩት። አንድም ቀን ለምን አላለኝም። ወንበሬን ግን ከዚያ አላነሳውም።

እናቴ፣ «ልጆቹን ያሳደገ፣ ቤቱን ያከበረ በዪና ይብቃ። ያንን ወረቀት አታንሺብኝ፤ ዕድሜ ልኬን እሑዴን የበላ ወረቀት ነው። ደግሞስ ሰው ምን ይላል? ትልቅ ሰው በቴምብር ሲጫወት ኖረ ይበሉን?» ትላለች። ታላቅ ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። እሱ ደግሞ ከባዶ ተነሥቶ ራሱን የቻለ ነጋዴ መሆኑ በሰፊው እንዲጻፍ ይፈልጋል፤ ቴምብሮቹ ተገምተው ዋጋ ካላቸው ይሸጡና ለመቃብሩ ሐውልት ይሁኑ ይላል። ወንድሜና አባቴ የተለያዩት ተቀያይመው ነው፤ አባዬ ሱቁን እንዲረከበው ይፈልግ ነበር፤ እሱ እምቢ ብሎ በ1988 ዓ.ም. ሄደ። ብዙ ዓመት በደብዳቤ ብቻ ነበር የሚገናኙት። ለቀብሩም አልደረሰም።

ወረቀት ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ሁሉም ልክ ይመስሉኛል። ቴምብሮቹን ብተዋቸው አባቴን ሁለተኛ የቀበርኩት ያህል ነው። ባስገባቸው እናቴን በራሷ ቤት አስከፋታለሁ። ምን ላድርግ?

ወንበሯን ጥላ የሄደችው፣ ከአዲስ አበባ

*

እኅቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር፤ ለአንቺም፣ ለእናትሽና ለወንድም እኅቶችሽም መጽናናቱን ይስጣችሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ቡልጋውና ስለ ሱቁ ሳነብ አባትሽን አከበርኳቸው፤ የማውቃቸው ብዙ አባቶችም ትዝ አሉኝ። «ወንበሬን ግን ከዚያ አላነሳውም» የምትለዋ መስመር ላይ ስደርስ ግን ሰውየውን ያየኋቸው መሰለኝ። ከዚህ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸውን ሰው በአንድ መስመር አሳይተሽኛል፤ ስለዚህ መጻፉን ትችያለሽ። የቸገረሽ ሌላ ነው፤ የማንን አባት፣ የማንን ባል እንደምትጽፊ ነው የጨነቀሽ።

አስቀድሜ ስለ አጎትሽ ልጅ አንድ ነገር ልበል። በአንድ ሌሊት፣ ሬሳው ገና ከቤት ሳይወጣ፣ እንባውን እየጠረገ የሚጽፍ ሰው እጁ የደረሰበትን ቃል ያነሣል። «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» ከለቅሶ ቤት የማይጠፋ ቃል ነው፤ እሱም ያንን አነሣ። አትቀየሚው፤ እንዲያውም አሁን ለምትሠሪው ሥራ አጋዥ አድርጊው። በዚያ ሌሊት ጽፎ የሰረዘው ነገር እንዳለ ጠይቂው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰርዘው እውነተኛውን ነገር ነው፤ ለለቅሶ አይመጥንም ብሎ።

የድሮ አልቃሾች ይህን ስህተት አይሠሩም ነበር። አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትጠራ ዘላ አትጀምርም፤ ቤተ ዘመዱን ጠጋ ብላ ትጠይቃለች። ከማን ተወለደ? ፈረሱ ማን ይባላል? የት ዘመተ? ማንን ጥሎ ሄደ? ሙሾዋ የሰውን አንጀት የሚበላው ያ ዝርዝር በእጇ ስላለ ነው። የትልቅ ሰው ለቅሶ ሲሆን ደግሞ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጦሩ፣ ጠመንጃውና ካባው ወጥቶ በሰው መካከል ይታይ ነበር። ሰው ያን ሲያይ ነው ሆዱ የሚባባው፤ የያዘው እጅ ጠፍቶ የተያዘው ዕቃ ሲቀር። አባትሽ ጦር አልሰበቁም። እጃቸው የለመደው ወረንጦና አጉሊ መነጽር ነበር። እነዚህን በሙት ዓመታቸው ቀን ከፎቶግራፋቸው አጠገብ ብታስቀምጪ አዲስ ነገር ያመጣሽ አይምሰልሽ፤ አያቶቻችን ያደርጉት የነበረውን ነው የምታደርጊው።

ይህን ግን ይዘሽ እናትሽን ልትረቺበት አትሂጂ። እናትሽ የተናገሩትን እስኪ መልሰሽ አንብቢው። «ሰው ምን ይላል» የሚለው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በፊት የመጣው «ዕድሜ ልኬን እሑዴን የበላ ወረቀት ነው» የሚለው ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ባላቸው የሱቅ ነበሩ። የቀረችው አንዲት እሑድ ነች፤ እሷም ቡናው እስኪጠጣ ድረስ ብቻ። አንቺ በዚያች ክፍል ውስጥ ወንበር ነበረሽ። ለእናትሽ ወንበር ነበራቸው? ገብተው ያውቃሉ? ሲመሽ ሻይ ይዘው በሩን የሚያንኳኩት እሳቸው ነበሩ ወይስ ማንም አያንኳኳም ነበር? እኔ መልሱን አላውቀውም፤ አንቺም የምታውቂው አልመሰለኝም። አንቺ የቴምብሩን እሑድ ከውስጥ ነው የምታውቂው፤ እሳቸው ከበሩ ውጭ ሆነው ነው የኖሩት። ሁለታችሁም ስለ አንድ እሑድ ትናገራላችሁ፤ ለዚህ ነው የማትግባቡት።

ስለዚህ ፈቃድ ከመጠየቅሽ በፊት ወሬ ጠይቂያቸው። ቡና ሲፈላ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ «እማዬ፣ እሱ ክፍሉ ሲገባ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ቢማረሩ አትከላከዪላቸው፤ አባትሽን ከእናትሽ ምሬት የማዳን ሥራ የአንቺ አይደለም። አርባ ምናምን ዓመት አብረው ኖረው ባላቸውን የቀበሩ ሴት ሐዘናቸው ውስጥ ቁጣ ቢኖር ምን ይገርማል? ምናልባት እስካሁን የጠየቃቸው ሰው የለም ይሆናል። ሰሚ ካገኙ በኋላ «ያ ወረቀት» የሚሉት ነገር ቀለል ሊል ይችላል፤ ላይልም ይችላል።

ቀለል ካለላቸው በታሪኩ ውስጥ እሳቸውም ይኑሩ። «እሑድ እሑድ ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ እሳቸው ወደ ቴምብራቸው፣ ባለቤታቸው ወደ ብቻቸው ይሄዱ ነበር» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ማንንም አላዋረደም። የሚገባው ይገባዋል። እናትሽ ያንን መስመር ሲሰሙ በሕይወታቸው የታየችላቸው የመጀመሪያዋ እሑድ ልትሆን ትችላለች። ከመነበቡ በፊት ግን ለእሳቸው ብቻ አንብቢላቸው፤ ይውጣ ካሉሽ አውጪው።

ሳይቀልላቸው ቢቀርስ? ያን ጊዜ ሁለቱን ነገር ለዪአቸው። የሙት ዓመቱ ዕለት የሚነበበው በእናትሽ ቤት፣ በእናትሽ እንግዶች ፊት ነው፤ የቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው። እዚያ ላይ ቴምብሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይለፍ። የሚታተመው መጽሔት ግን ለልጅ ልጆቻችሁ የሚቀር ነው፤ እዚያ ሁለት ገጽ ስጪው፤ ይህንንም በግልጽ ንገሪያቸው። ተደብቆ የታተመ ነገር ከቴምብሩ የበለጠ ያስቀይማቸዋል።

አሁን ወደ ራሱ ጽሑፍ ልምጣ፤ በእውነቱ እኔ ደስ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። አንቺ አባት፣ ነጋዴና ቴምብር ሰብሳቢ ብለሽ አባትሽን ሦስት ቦታ ከፍለሽ ለእያንዳንዱ ስንት መስመር እንደምትሰጪ እየተጨነቅሽ ነው፤ ውርስ እንደምታካፍል ሰው። አባትሽ ግን የሸጡት ምን ነበር? ወረቀትና ፖስታ አይደለም እንዴ? ከእሳቸው ሱቅ የተገዛ ፖስታ ቴምብር ተለጥፎበት ስንት አገር ሄዷል? የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ውጭ ልጅ ያላቸው ደንበኞች አሮጌ ፖስታ እያመጡላቸው አልነበረም? እኔ እገምታለሁ እንጂ አላውቅም፤ አንቺ ግን ልታጣሪው ትችያለሽ። 15 ዓመት የሞላው የቡልጋ ልጅ የመጀመሪያውን ቴምብር ያየው ለጌታው ደብዳቤ ተሸክሞ ወደ ፖስታ ቤት ሲላክ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ንግዱና ቴምብሩ አንድ ቀን ነው የተወለዱት። አንቺም አጠገባቸው ወንበር አግኝተሽ ስትቀመጪ አባትነቱም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተጨመረ።

እኔ ብሆን በትውልድ ዘመን አልጀምርም። እንዲህ እጀምራለሁ፦ «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለተማሪ ደብተር ይቆጥሩ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ በዚያው እጃቸው በወረንጦ ቴምብር ያነሡ ነበር። አጠገባቸው ሁልጊዜ አንድ ወንበር ነበረ።» ከዚህ በኋላ ቡልጋም፣ የወላጆቻቸው ስምም፣ ትዳራቸውም ይከተላል፤ ሰው አሁን ማን እንደተወለደ ለማወቅ ጓጉቷልና። የሚነበበው ከአራት ደቂቃ አይብለጥ።

ወንድምሽ የሚፈልገው የነጋዴው ታሪክ ደግሞ ቦታው ይገባዋል። ሱቁ ስለ ፈረሰ፣ «እዚህ ጋ ነበር» ብለሽ ለልጅ ልጅ የምታሳዪው ደጃፍ የለም። አሁን ሱቁ ያለው ሰዎች ውስጥ ነው፤ እነሱም ተበትነዋል፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። ሦስት ሰው ፈልጊ፦ አጠገባቸው ይነግድ የነበረ አንድ ጎረቤት፣ ሱቁ ውስጥ ተቀጥሮ የሠራ አንድ ሰው፣ ከእሳቸው ደብተር ይገዛ የነበረ አንድ መምህር ወይም ወላጅ። «ደግ ነበሩ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ አዎን ይሉሻል፤ ሌላ ምን ይሉሻል? የመስከረም ግርግር እንዴት ነበር? ሲናደዱ ምን ይሉ ነበር? ከዕቁቡ ሲደርሳቸው ምን ገዙበት? እንዲህ እንዲህ እያልሽ ጠይቂ፤ በስልክሽም ድምፃቸውን ቅጂው። የዱቤ ደብተራቸው ተርፎ ከሆነማ ትልቅ ሀብት ነው። ለስንት ተማሪ ደብተር በዱቤ እንደሰጡ፣ የትኛውን ዕዳ ሳይከፈላቸው እንደሰረዙ እዚያ ይታያል። «ለተቸገረ ደራሽ» የሚለውን ቃል አንዲት የተሰረዘች መስመር ትተካዋለች። የባለዕዳዎቹን ስም ግን አታውጪ፤ አባትሽንም ደስ አይላቸውም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በአባትና በልጅ መካከል የነበረውን ቅያሜ መጻፍ አለብኝ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽም፤ ግን ከደብዳቤሽ ሥር ተኝቷል። ይጻፍ አልልም። ያልነበረውንም አትጻፊ። «ከልጆቻቸው ሁሉ ጋር በፍቅር የኖሩ» የሚል መስመር ከገባ ሜሪላንድ ያለው ሰው ሲያነበው ምን እንደሚሰማው አስቢ። ሱቁን እምቢ ብሎ የሄደ ልጅ ዛሬ የሱቁ ታሪክ በሰፊው ይጻፍ ማለቱ ለእኔ የይቅርታ ጥያቄ ይመስለኛል። ለሐውልቱ መጨነቁም እንደዚያው ነው፤ ለቀብር ያልደረሰ ልጅ ድንጋይ በማቆም ሊደርስ ይፈልጋል። እንዲህ ካየሽው ከእሱ ጋር መነጋገር ይቀልሻል። የነጋዴውን ክፍል አንቺ ከምትጽፊው ግማሹን እሱ ይጻፈው። ስለ ሱቁ የሚያስታውሰውን በድምፅ ይላክልሽ፤ አንቺ ገልብጪው። እምቢ ያለውን ሱቅ ሲተርክ ምን እንደሚወጣው ማን ያውቃል?

ስለ ቴምብሮቹ ሽያጭ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር፤ የሙት ዓመቱ ሳያልፍ አንድም ቴምብር እንዳይወጣ። ሐውልቱ በሌላ ገንዘብ ይሠራ ወይም ይቆይ። ቴምብር እኛም ቤት ስለነበረ ጥቂት አውቃለሁ። ከፖስታው ጋር ያለውን ቴምብር ቀድዳችሁ ወይም በውኃ ነክራችሁ አታላቅቁት፤ አሮጌ ቴምብር ከነፖስታውና ከነማኅተሙ ሲሆን ብዙ ጊዜ የበለጠ ይፈለጋል፤ ታሪኩም እዚያ ላይ ነው። በባዶ እጅ አትንኩት፤ የጣት ላብ ይጎዳዋል። ወረንጦው ለዚያ ነው። በፕላስቲክ አታስለብጡት፤ ማጣበቂያም አይንካው። ደረቅና ጨለም ያለ ቦታ፣ አልበሞቹን እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ አስቀምጡ። ከዚያ 19ኙን አንድ በአንድ መዝግቢ፤ የትኛው አልበም የየትኛው አገር፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነ፣ አባትሽ በእጃቸው የጻፉበትን ገጽ ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ። ለግምት አልበም ትተሽ እንዳትመጪ፤ ገማቹ አንቺ ፊት ይመልከተው፤ ሁለተኛ ሰውም ይየው። ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ዘንድ የፖስታ ሙዚየም አለ፤ እዚያ ሄደሽ የቆዩ ሰብሳቢዎችን የሚያውቅ ሰው ጠይቂ። አባትሽንም የሚያስታውስ ይኖር ይሆናል። በትዳር ዘመን የተሰበሰበ ነገር ስለሆነ የእናትሽም ድርሻ አለበት፤ ወደፊት ይሸጥ ቢባል እንኳ ሁላችሁም ተስማምታችሁ፣ በጽሑፍ ይሁን።

ወንድምሽም ብዙ ብር እንዳይጠብቅ አስቀድመሽ ንገሪው። የመጀመሪያዎቹ የአጤ ምኒልክ ቴምብሮች አባትሽ አልበም ውስጥ ካሉ ዕድሜያቸው ያስደንቃል፤ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. ሲቋቋም ፓሪስ የታተሙ ናቸው። ሰባት ነበሩ፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሦስቱ ላይ አንበሳው። ይሁንና ያልተጠቀሙባቸው በብዛት ስለተረፉ ዕድሜያቸውን ያህል ውድ አይደሉም፤ ማኅተም ተመትቶባቸው በእውነት ደብዳቤ ይዘው የሄዱት ናቸው የሚፈለጉት። በላያቸው ላይ ጽሑፍ የታተመባቸው የዚያ ዘመን ቴምብሮችም አስመስሎ የተሠራ ብዙ አለባቸው። ምስሎቹን የቀረጸው ፈረንሳዊ ዩጂን ሙሾን ይባላል። ስሙ በእኛ ጆሮ ሙሾ ሙሾ ይላል፤ ሳነበው ሁልጊዜ ቆም ያደርገኛል።

ለእናትሽ «በቴምብር ሲጫወት ኖረ» ለሚለው ሥጋትም የሚሆን ነገር እዚህ አለ፤ ጊዜው ሲመጣ በለሆሳስ አንሺው። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ማኅበር አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የእኛ ቴምብር ብቻ አይበቃውም ነበር፤ የፈረንሳይ ቴምብርም ይጨመርበት ነበር። አንድ ፖስታ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አገሩ በዓለም ፊት ለመቆም የሄደችውን መንገድ አየ። ንግሥት ዘውዲቱና አልጋ ወራሽ ተፈሪ ተራ በተራ የወጡበት አለ፤ በወረራው ዘመን የኢጣሊያው ንጉሥ ፊት የታተመበት አለ፤ ከነጻነት በኋላ የአጤ ኃይለ ሥላሴ ምስል የተመለሰበት አለ። ከተላላኪነት ተነሥቶ ሱቅ የከፈተ ሰው እሑድ እሑድ እያነበበ የኖረው ይህን ነው። እናትሽ ቢፈቅዱ፣ እነዚህ ያሉበትን አንድ ገጽ ብቻ አሳዪአቸው። አንድ ገጽ ይበቃል።

ስለ 14 ዓመትሽም ልንገርሽ፤ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ስምሽን «ወንበሯን ጥላ የሄደችው» ብለሽ ጽፈሻል። ቴምብር ሰብሳቢ አልበሙን ሲያዘጋጅ ላልያዘው ቴምብር ቦታ ይተዋል፤ ታውቂዋለሽ፤ ገጹን አይተሽዋል። ሰባቱ ተሰብስበው አንዱ ካልተገኘ የአንዱ ስፍራ ባዶውን ይቀመጣል። ያ ባዶ ስፍራ ቁጣ የለበትም፤ ሰብሳቢው በጎደለው ቴምብር ተቀይሞ አያውቅም። አባትሽ ወንበርሽን ሳያነሡ የተዉት በዚያው በለመዱት እጅ ይመስለኛል። «ለምን» ያላሉሽም የ14 ዓመት ልጅ ምን እንደምትወድ ስለሚያውቁ ይሆናል፤ እሳቸው በ15 ዓመታቸው ከቤት የወጡ ሰው ናቸው። ሌላም ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል፤ አሁን ልንጠይቃቸው አንችልም። በምትጽፊውም ውስጥ የማታውቂው ነገር ሲያጋጥምሽ በቃል አትድፈኚው፤ ስፍራውን ተዪለት።

አሁን ከየት ልጀምር ካልሽኝ፣ የፊታችን እሑድ ወደዚያች ክፍል ግቢ። በራስሽ ወንበር ተቀመጪ፤ የእሳቸውን ተዪው። ከ19ኙ የአሜሪካውን አልበም አውጪና ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ያሉትን ገጾች ፈልጊ። ወንድምሽ በእነዚያ ዓመታት የላካቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ቴምብር ነበረባቸው። የት ሄዱ? ተቆርጠው ተለጥፈው ይሆናል፤ ከነፖስታቸው ተቀምጠው ይሆናል፤ ወይም አንዳቸውም አይገኙም። ብታጪያቸው ለማንም አትናገሪ። ብታገኚያቸው ግን ገጹን ፎቶግራፍ አንስተሽ፣ አንድም ቃል ሳትጨምሪ፣ ለወንድምሽ ላኪለት።